ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጡ

ፎገራ ተወልዶ ላደገ ሰው ሩዝ እንግዳ አይደለም። ከወረታ ወደ ጣና የሚዘረጋው ሜዳ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል፤ ሌላው እህል እዚያ ላይ አይሆንም። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ የእርሻ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ ያዘላቸው። ብዙ ገበሬ ሲዘራው የኖረው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። አባቴ ዘሩን ከመጋዘን ሲያወጣ «የኮሪያዎቹ ሩዝ» እያለ ነው ያሳደገኝ። የትኞቹ ኮሪያዎች እንደሆኑ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

አድጌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ የመጣሁት ደግሞ ወደ ደቡቧ ኮሪያ፣ ቹንቾን ወደምትባል ከተማ። ቹንቾን ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ ሐውልት በወንዙ ዳር ቆሟል፤ በ1968 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መጥተው ነው የተመረቀው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቡና የሚሸጠው «የኢትዮጵያ ቤት» ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስካሁን ክፍት ነው። የቃኘው ልጆች በኮሪያ ጦርነት ከደቡቡ ጎን ሊዋጉ በሜይ 1951 ፑሳን ወደብ ወረዱ። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ከተዋጉባቸው ግንባሮች አንዱ፣ ወታደሮቹ «የብረት ሦስት ማዕዘን» ይሉት የነበረው የቾርዎን፣ የኪምህዋና የፕዮንግጋንግ አካባቢ፣ ከምኖርበት ሩቅ አይደለም። ስለ ጀግንነታቸው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ያ ደም የፈሰሰበት መሬት በኋላ ምን ሆነ፣ ዛሬ ማን ያርሰዋል የሚለውን ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ተኩሱ የቆመው በጁላይ 27 ቀን 1953 ነው። ሰላም አልተፈረመም፤ ተኩስ ቆመ እንጂ። ከባሕር እስከ ባሕር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ተሰመረ፤ ከመስመሩ ወደ ሰሜን ሁለት፣ ወደ ደቡብ ሁለት ኪሎ ሜትር ከጦር ነፃ ቀጠና ተባለ። ይህን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ቱሪስትም ፎቶ ይነሳበታል። ከዚያ በስተ ደቡብ ያለውን ሁለተኛውን መስመር ግን ከገበሬው በቀር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በ1954 የአሜሪካ ስምንተኛ ጦር ያሰመረው የሲቪሎች መቆጣጠሪያ መስመር ነው። በመጀመሪያ በጣም ሰፊ ነበር፤ በየጊዜው እየጠበበ መጥቶ ዛሬ በሕጉ ከድንበሩ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ውስጥ የሩዝ ማሳ አለ፣ ጂንሰንግ የሚባለው የመድኃኒት ሥር ማሳ አለ፣ ጥቂት መንደሮችም አሉ። ገበሬው የሚገባው በኬላ ነው፤ የሚወጣውም በኬላ።

የክፍል ጓደኛዬ አያት በቾርዎን፣ ዴማሪ ከሚባለው መንደር ወዲያ ባለው ሜዳ ያርሳሉ። መንደራቸው አሁን ከመስመሩ ውጭ ነው፤ ማሳቸው ግን ውስጥ። እኔን ይዘውኝ ለመግባት ስሜና የፓስፖርቴ ቁጥር አስቀድሞ ለጦሩ ደረሰ፤ ፈቃድ ተጠበቀ። በዕለቱ ጧት ኬላው ላይ ትንንሽ የጭነት መኪኖችና ትራክተሮች ተሰልፈው ነበር። ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ወታደር የእያንዳንዱን መታወቂያ ይቀበላል፤ ታርጋ ይመዘግባል፤ በመስታወቱ ሥር የሚቀመጥ ይለፍ ይሰጣል። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ በር ገብተው ወጥተዋል። ወታደሩ ግን ብሔራዊ አገልግሎቱን ጨርሶ ሲሄድ ሌላ ልጅ ይተካል፤ እርሳቸውም እንደ አዲስ ይጠየቃሉ። ልጁ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ መታወቂያቸውን መለሰና ያን የዘወትር ማሳሰቢያ ነገራቸው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጡ።

ማሳው ውብ ነው። ጓል የሌለው፣ በውኃ የተስተካከለ፣ እንደ መስተዋት የተኛ። ግን በሰሜኑ ጠርዝ ክትሩ አልቆ አንድ ስንዝር ሳይሞላ እሾሃማ ሽቦ ይጀምራል፤ ሽቦው ላይ ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ተንጠልጥሏል፦ «ፈንጂ»። አዛውንቱ ክትሩ ላይ ያለውን ሣር በማጭድ ሲያጭዱ አየሁ። እጃቸው ሽቦው ጋ ሲደርስ ሳያዩ ይቆማል። ከሽቦው ማዶ ያለው ሣር ሰባ ዓመት ያልታጨደ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ዘሩ ግን በነፋስ ወደ እርሳቸው ማሳ ይገባል። አረሙን ከምንጩ መንቀል አይችሉም። በየዓመቱ የሚመጣውን እየነቀሉ ይኖራሉ።

ማታ ቤት ገብቼ ለአባቴ ደወልኩና ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ፈንጂው፣ ስለ ኬላው፣ ስለ ይለፉ። ዝም ብሎ ሰማኝና የጠየቀኝ ስለ ፈንጂው አይደለም።

«ልጄ፣ ሌሊት ውኃውን ማን ያዞርላቸዋል?»

አባቴ በቀበሌያችን የውኃ አባት ነው። በበጋ ከጉማራ ወንዝ በሞተር ተስቦ በቦይ የሚመጣውን ውኃ ለሽንኩርቱ የሚያከፋፍለው እሱ ስለሆነ ተራ ሌሊት እንደሚደርስ፣ ክትር ሌሊት እንደሚሰበር፣ ጎረቤት ሌሊት ውኃ ወደ ራሱ እንደሚጠልፍ ያውቃል። ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። በሌላ ጊዜ ተመልሼ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ማንም።»

ከዚያ ዘርዝረው አስረዱኝ። ቾርዎን ቀዝቃዛ አገር ነው። የሚዘሩት «ኦዴ» የሚባል፣ ቶሎ የሚደርስ የሩዝ ዘር ነው፤ በአገሪቱ ቀድመው ከሚታጨዱት አንዱ ስለሆነ ዋጋውም ስሙም ጥሩ ነው። በጁላይ፣ ሩዙ ዛላውን በሆዱ ይዞ ሳለ፣ ሌሊት ቅዝቃዜው ወደ 17 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይመክንና ዛላው ባዶ ይወጣል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ማታ ማሳው ላይ ውኃ ከፍ አድርጎ መሙላት። ውኃው ቀን የያዘውን ሙቀት እየለቀቀ ዛላውን ያድናል፤ ንጋት ላይ ደግሞ ይቀነሳል። ይህ እንግዲህ ሰማይ እያዩ፣ ሲመሽ መጥተው፣ ሲነጋ ተመልሰው የሚሠሩት ሥራ ነው። እርሳቸው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ መውጣት አለባቸው። ስለዚህ ገምተው ይከፍታሉ። አንዳንዴ ቅዝቃዜው ሳይመጣ ይቀራል፤ አንዳንዴ ሌሊት ዝናብ ይጨመርበትና ክትሩ ተንዶ ይጠብቃቸዋል። ከመንደራቸው ማሳቸው ድረስ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ዝናቡ ጣሪያቸው ላይ ሲወርድ ይሰማሉ። መሄድ ግን አይችሉም።

ከርከሮም የሚመጣው ሌሊት ነው። እኛ አገር ማማ ላይ የሚያድር ሰው ይኖራል፤ ወንጭፍ ያጮሃል፣ እሳት ያነዳል። እዚህ ማማ የሚባል ነገር የማይታሰብ ነው። በ2019 የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው ወረርሽኝ ወደ አካባቢው ሲገባ ከርከሮው በሽታ ተሸካሚ ነው ተብሎ ጦሩና አዳኞች አብረው ዘመቱበት፤ የገበሬው ሩዝ ሲበላ በኖረባቸው ዓመታት ግን እንዲህ ያለ ዘመቻ አልነበረም።

መኸር ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ጤዛ ያለበት ሩዝ በማጨጃ መኪና አይታጨድም፤ እርጥቡ ገለባ ማሽኑን ያንቃል፣ እህሉም ይበላሻል። ጤዛው እስኪደርቅ ረፋዱ ይጠበቃል። ቀኑ ደግሞ አጥሯል፤ በሩ የሚዘጋው ከፀሐይ ጋር ስለሆነ እሱም ቀድሞ ይዘጋል። ከሁለቱም ወገን ሲቆረጥ ለአጨዳ የሚቀረው ከቀኑ እኩሌታ ብዙም አይበልጥም። ጎረቤቱ፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ሲባል በመብራት እስከ እኩለ ሌሊት ያጭዳል። እርሳቸው እህላቸውን ጥለው ይወጣሉ።

ስለ ድንበር ቀጠና ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው የተወሰደውን መሬት ነው። መሬቱማ በእጃቸው ነው፤ በኬላ ገብተው ያርሱታል፤ ግብርም ይከፍሉበታል። የተወሰደባቸው ሰዓቱ ነው። እርሻ ደግሞ ከመሬት እኩል የሰዓት ሥራ ነው፤ ይህን ሰዓት የሚወስን መኮንን ሩዝ ዘርቶ አያውቅም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያጡትን ሌሊት በኩንታል አስልቶ ካሳ የከፈላቸው የለም።

የቀረውም እንዲሁ ፈቃድ ነው። ማሳ ላይ ዕቃ ማስቀመጫ ወይም የላስቲክ ቤት ለመሥራት የጦሩ ስምምነት ያስፈልጋል። ሌላው ገበሬ በድሮን መድኃኒት ሲረጭ እዚህ ሰማዩ ለበረራ የተከለከለ ስለሆነ እያንዳንዱ በረራ ይጠየቃል። የቀን ሠራተኛ ማስገባትም ቀላል አይደለም፤ አሁን በኮሪያ ገጠር እርሻ ላይ ተቀጥሮ ከሚሠራው ብዙው ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ለውጭ ዜጋ ደግሞ ፈቃዱ ይበልጥ ይከብዳል።

ሰዎቹ እዚያ እንዴት እንደሰፈሩ ሳውቅ ነው ይበልጥ ያዘንኩት። ዴማሪ የተመሠረተው በ1967 ነው፤ 150 አባወራ፣ አብዛኞቹ ከጦር የተሰናበቱ፣ «ያቀናችሁት መሬት የእናንተ ነው» ተብለው ገቡ። መሬቱ ጦርነቱ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ፣ ከነጭ ፈረስ ኮረብታ ሥር ነው። ፈንጂውን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በብረት ዘንግ እየወጉ፣ በአካፋ። የሞቱ አሉ፣ እግራቸውን ያጡ አሉ። የአዛውንቱ አባት ከእነዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አንዱ ነበሩ። ማሳው ሩዝ ማብቀል ከጀመረ በኋላ፣ ከጦርነቱ በፊት የተጻፈ የባለቤትነት ወረቀት የያዙ ሰዎች ብቅ ማለት ጀመሩ። ብዙ ሰፋሪ በደሙ ያጸዳውን መሬት ኪራይ ከፍሎ ማረስ ወይም እንደገና ገንዘብ አውጥቶ መግዛት ግድ ሆነበት። ያንን ቃል የሰጣቸው አካል በጽሑፍ ያስቀረላቸው ነገር አልነበረም።

ሌሎቹን መንደሮች ደግሞ መንግሥት ሆን ብሎ ለዓይን ነው የሠራቸው። በ1973 የእስራኤልን ኪቡዝ (የጋራ እርሻ መንደር) አርአያ ያደረጉ ሁለት «የአንድነት መንደሮች» ተቆረቆሩ፤ ቤቶቹ ከሰሜን በኩል በደንብ እንዲታዩ ተደርገው። ኢጊልሪ የሚባለው መንደር በ1979 ሲቆረቆር ከሰሜን የሚታይ ቦታ ይሁን ተባለ፤ የተመረጠው ቦታ ወንዝ ዳር ያለ ዝቅተኛ መሬት ነበር። በ1996 ጎርፍ ወሰደው፤ በ1999 ደገመው፤ በ2020 ኦገስት እንደገና። በመጨረሻው ጎርፍ ውኃው ሲሸሽ ማሳውና መንገዱ ላይ ፈንጂ ተገኘ። ከብረት ያልተሠሩ ቀላል ፈንጂዎች በጎርፍ ይንሳፈፋሉ፤ ከተራራው ተጠርገው ትናንት ንጹሕ የነበረ ማሳ ላይ ይቀመጣሉ። ገበሬው አንዴ ያጸዳውን መሬት እንደገና ሊፈራው ይገደዳል። ለፈንጂ ተጎጂዎች ካሳ የሚሰጥ ልዩ ሕግ የወጣው በ2014 ነው፤ ዴማሪ ከተመሠረተ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ።

ውኃውም የራሱ ታሪክ አለው። የቾርዎን ሜዳ ከጦርነቱ በፊት የሚጠጣው ሰሜን ውስጥ ካለው ከቦንግኔ ሐይቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሰሜኖቹ ውኃውን አዞሩት። ደቡቦቹ የራሳቸውን ማጠራቀሚያ እስኪሠሩ ድረስ ሜዳው ሰማይ ሲጠብቅ ኖረ፤ ትልቁ የቶግዮ ግድብ የተሠራው በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ በብርዱ ወራት በዚያ ግድብ ላይ ከሰሜን የመጡ ዝዮች ያድራሉ፤ ንጋት ላይ ሲነሡ ሰማዩ ይጠቁራል። ባለ ቀይ አናት ሽመላዎችም ከዓለም ብርቅ ከሆኑት ወፎች ናቸው፤ ታጭዶ የወደቀውን የሩዝ ቃርሚያ ሊለቅሙ ወደ ቾርዎን ይመጣሉ። ሰው ያልነካው ገነት እየተባለ ይጻፋል። ወፎቹን እኔም ወድጃቸዋለሁ። ግን ሰው ያልነካው የሚለው ቃል ያናድደኛል። ሽመላው የሚበላው ሩዝ የተዘራው፣ የታረመው፣ የታጨደው በሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እግር ሊያሳጣው በሚችል ማሳ ላይ ነው የቆመው።

ባሕሩንም ማየት ፈለግሁ። በምሥራቁ ጠረፍ፣ በጎሶንግ ወረዳ፣ ከአገሪቱ ወደቦች ሁሉ በስተ ሰሜን ጫፍ ያለው ዴጂን ነው። ከእሱ ወዲያ «ጆዶ» የሚባል የዓሣ ቦታ አለ፤ ከሰሜኑ የባሕር መስመር በጣም ስለሚቀርብ በየዓመቱ ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር ብቻ ይከፈታል። በኤፕሪል ሄድኩ። ገና ሳይነጋ ጀልባዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የባሕር ጠባቂው በሬዲዮ የእያንዳንዱን ጀልባ ስም ይጠራል፤ ልክ እንደ ተማሪ ቤት «አቤት» ይባላል። ፀሐይ ብቅ ስትልና ፈቃዱ ሲሰጥ ሁሉም ሞተሩን አስጩኾ ይፈተለካል፤ ጥሩው ቦታ ለቀደመ ነውና። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው አንዱ መረቡ ላይ፣ አንዱ መስመሩ ላይ ነው። የባሕር ሞገድ መስመር አያውቅም፤ መረብ ይጎትታል፣ ጀልባ ይገፋል። ሲመሽ ሁሉም ይወጣል።

ወደቡ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ባለቤታቸው ያመጣውን ኦክቶፐስ በየክብደቱ እየለዩ ወደ ባልዲ ይጥሉ ነበር። እጃቸው ከቅዝቃዜው ቀልቶ፣ ጣቶቻቸው ላይ የኦክቶፐሱ እግር ተጣብቆ ሲላቀቅ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ጆዶ ክፍት በሆነበት ወራት ቤታቸው እንደሚሞላ፣ ጃንዋሪ ላይ ግን ብድር እንደሚጠይቁ ነገሩኝ። ጣና ላይ ያሉትን አጥማጆች አሰብኩ። የእኛ ሰው ማታ መረቡን ዘርግቶ ያሳድራል፤ ቀረሶውና አምባዛው ሌሊት ሲንቀሳቀስ ይያዛል፤ ንጋት ላይ በታንኳው ሄዶ ያነሣል። ሌሊቱን ብትወስድበት ግማሽ ኑሮውን ወሰድክበት ማለት ነው።

በምዕራቡ ባሕር ይባስ ነው። የሰሜኑን የባሕር መስመር በኦገስት 1953 ያሰመረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር እዝ ብቻውን ነው፤ ሰሜን ኮሪያ ተቀብላው አታውቅም። አምስቱ የደቡብ ደሴቶች ለሰሜኑ ጠረፍ ከራሳቸው አገር ይልቅ ይቀርባሉ። እነ ዮንፕዮንግ የሚኖሩት በሸርጣን ነው፤ ሸርጣኑ የሚጠመደው በጸደይ ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ በመጸው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። ሁለቱ የባሕር ኃይሎች በጁን 1999ና በጁን 2002 የተታኮሱት በዚሁ የሸርጣን ወቅት ነው። በኖቬምበር 23 ቀን 2010 ደግሞ ሰሜን ኮሪያ ዮንፕዮንግን በመድፍ ደበደበች፤ ሁለት ወታደሮችና ሁለት ሲቪሎች ሞቱ። ነዋሪው በዓሣ ጀልባው ደሴቱን ለቆ ሸሸ፤ መረቡ ባሕር ውስጥ ቀረ።

ከ1964 ጀምሮ በእነዚህ ደሴቶች ሌሊት ማጥመድ ተከልክሎ ነበር። በ2019፣ ሁለቱ ኮሪያዎች በ2018 ከተስማሙ በኋላ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሠላሳ ደቂቃ፣ ከጠለቀች በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ተፈቀደላቸው፤ የማጥመጃው ስፋትም በ245 ካሬ ኪሎ ሜትር ጨመረ። አንድ ሰዓት ለማግኘት 55 ዓመት። እነርሱ እንዲህ ተለክቶ ሲሰጣቸው የቻይና ጀልባዎች በመስመሩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያጠምዳሉ፤ ማንም ወታደር መስመሩ ጋ ተጠግቶ ግጭት ማስነሣት ስለማይፈልግ። በጁን 2016 የዮንፕዮንግ አጥማጆች ትዕግሥታቸው አልቆ ራሳቸው በጀልባቸው ሄደው ሁለት የቻይና ጀልባዎችን ጎትተው አመጡ። ሕጉ አልፈቀደላቸውም። እኔ ግን አልፈርድባቸውም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን በነዴጂን አካባቢ አዛውንቶች ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወሩት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ከ3,000 የሚበልጡ የደቡብ አጥማጆች በባሕር ላይ እያሉ በሰሜን ተይዘዋል። አብዛኞቹ ከወራት፣ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ተመለሱ። የተመለሱትን ወደቡ ላይ የጠበቃቸው ፖሊስ ነው። መስመር ጥሳችኋል፣ ሰላይ ሆናችኋል ተብለው ያለ ማዘዣ ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ተፈረደባቸው። ልጆቻቸው የመንግሥት ሥራ እንዳይገቡ ስማቸው ተመዘገበ። መረቡን ተከትሎ የሄደ ሰው በሁለቱም ወገን ጠላት ሆነ። በቅርብ ዓመታት ፍርድ ቤቶች ጉዳያቸውን እንደገና እያዩ ነፃ እያሏቸው ነው፤ በ2023 ዐቃቤ ሕጉ ራሱ የ100 አጥማጆች ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠይቋል። ብዙዎቹ ግን ነፃነታቸውን ሳይሰሙ ሞተዋል፤ ፍርድ ቤት የቆሙላቸው ልጆቻቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የራሳችንን ሰሜን ሳላስብ አልቀረሁም። በጁን 2000 ከኤርትራ ጋር ተኩስ ሲቆም 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የፀጥታ ቀጠና በኤርትራ በኩል ተዘረጋ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ እስከ 2008 ጠበቀው። በሁለቱም ወገን ያለው ገበሬ፣ ከዛላምበሳ እስከ ባድመ፣ ፈንጂ የተቀበረበት ማሳና ወታደር የሚጠብቀው የግጦሽ መሬት ወረሰ። ድርድሩን፣ የድንበር ኮሚሽኑን፣ ካርታውን አንብበናል። ከብቱ መስመር ተሻግሮ የቀረበት ሰው ማንን ጠየቀ? ዐውድማው ከምሽግ ጎን የሆነበት ሰው እህሉን መቼ ወቃ? ይህን የሚነግረን ጽሑፍ በአማርኛ ፈልጌ በእጄ የገባ ጥቂት ነው።

የቾርዎን ገበሬዎች የሚጠይቁት ድንበሩ ይፍረስ አይደለም። መስመሩ ባለፉት ዓመታት አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ ሰሜን ተገፍቶላቸዋል፤ ሌላም እንዲገፋ ይለምናሉ። እስከዚያው የሚሹት የበሩ ሰዓት በሩዙ እንዲቆጠር ነው፦ በጁላይ ቅዝቃዜ ሲተነበይ ማታ የሚገባ ሰው እንዲፈቀድ፣ በመኸር ሳምንታት በሩ እንዲያመሽ፣ ለዚህም በየጊዜው የሚለዋወጠው አዛዥ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የተጻፈ ደንብ እንዲኖር። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ለውጬ በዚሁ ላይ እየሠራሁ ነው፤ በመስመሩ ውስጥና ከመስመሩ ውጭ ያሉ ጎን ለጎን ማሳዎችን ምርት አወዳድራለሁ። አዛውንቱ በየዕለቱ የሚጽፉትን የማሳ ማስታወሻ ከነቀኑ እንድገለብጥ ፈቅደውልኛል።

በዛላምበሳ፣ በኢሮብ፣ በባድመ ወይም በሌላ ወታደር በሚጠብቀው ጠረፍ ስታርሱ የኖራችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ያረሱ፣ ይህን ካነበባችሁ ጻፉልኝ። ማሳችሁ ለመግባት ማንን ታስፈቅዱ ነበር? ስንት ሰዓት ትገቡ፣ ስንት ሰዓት ትወጡ ነበር? ሌሊት መጠበቅ ሲያቅታችሁ ምን ጠፋባችሁ? በትግርኛም ብትጽፉልኝ የሚያነብልኝ ሰው አለኝ።